የወጣት ቡድኖቻችን ተስፋ፦ ደጋፊው ከነጥብ ሠንጠረዡ ባሻገር ምን ይጠይቅ?

ከሚሴ፦ መስከረም 2018 ዓ.ም.

በኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር ቆላማ ቀበሌዎች ማሽላው ራስ ማውጣት በጀመረበት በዚህ ወቅት፣ በከሚሴ ከተማ ሻይ ቤቶች ሌላ ወሬ ሞቅ ብሏል። አዲሱ የእግር ኳስ የውድድር ዘመን ተቃርቧል። ከገበያ የተመለሰው አርሶ አደር፣ ባጃጁን ጥላ ሥር ያቆመው ወጣት፣ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ የመጣው ነጋዴ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይከራከራሉ። ዘንድሮስ? ባሕር ዳር ከተማ ዋንጫ ያነሳ ይሆን? ፋሲል ከነማ የ2013 ዓ.ም. ድሉን ይደግም ይሆን? ወልድያ፣ ደሴ እና ኮምቦልቻስ ትልቁ ሊግ ላይ የሚታዩት መቼ ነው?

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአብዛኛው የሚዘግበው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር እና ስለ መስኖ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ገጠር ቀበሌዎች በተጓዘ ቁጥር ከሰብሉ ወሬ ቀጥሎ የሚነሳው የኳሱ ጉዳይ መሆኑን ታዝቧል። ወጣቶቹ የተጫዋቾቹን ስም፣ የዝውውሩን ዜና፣ የአሠልጣኙን መምጣትና መሄድ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ተስፋቸውም ትልቅ ነው፤ ቡድናችን ወጣት ነው፣ ጊዜው የእኛ ነው ይላሉ።

ይህ ተስፋ ሊናቅ አይገባውም። ደጋፊ ተስፋ ባያደርግ ኖሮ በክልላችን ከተሞች አንድም ክለብ ጸንቶ ባልቆመ ነበር። ጥያቄው ተስፋው ምን ላይ ቆሟል የሚለው ነው። ያለፉት ዓመታት ታሪክ እንደሚያሳየው ደጋፊው የቡድኑን ነገ የሚለካው ባለፈው ዓመት ደረጃና በአዳዲስ ተጫዋቾች ስም ነው። የአንድን ክለብ ነገ የሚወስኑት ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ክለቡ የራሱን ተተኪዎች ማፍራቱ እና ገንዘቡ የሚመጣበት ምንጭ ዘላቂ መሆኑ።

በአንድ ጨዋታ ርቀት የቀረ ሕልም

ስለ ተስፋ ሲነሳ ማንም ኢትዮጵያዊ የስፖርት ወዳድ የማይረሳው ዘመን አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸነፈ። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፎ የነበረ በመሆኑ ከሜዳ ውጭ ያገባቸው ሦስት ግቦች ዋጋ አገኙ፤ ኢትዮጵያም ከ31 ዓመታት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። በዚያ ምሽት በየከተማው የነበረውን ደስታ የዛሬዎቹ ወጣቶች በልጅነት ዐይናቸው አይተውታል።

ተስፋው ከዚያም አለፈ። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ለ2014ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከቦትስዋና እና ከመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር ተደልድሎ ምድቡን መራ። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ አንዱን ግብ ጌታነህ ከበደ አስቆጠረ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ቀደም ሲል ለደቡብ አፍሪካ ያገባው በርናርድ ፓርከር በገዛ መረቡ ላይ አሳረፈው። ሀገር በደስታ ጮኸ።

በዚያው ሰሞን ግን የቢሮ ስህተት ሕልሙን ሊያጨልመው ተቃረበ። በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ምንያህል ተሾመ በቦትስዋናው ጨዋታ ተሰልፎ ነበርና ፊፋ የዚያን ድል ሦስት ነጥብ ሰረዘ። ተጫዋቾቹ በላባቸው ያገኙት ነጥብ ካርድ ቆጥሮ በሚመዘግብ ሰው ጉድለት ታጣ። ቡድኑ ዳግም መታገል ግድ ሆኖበት ጳጉሜን 2 ቀን 2005 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክን 2 ለ 1 አሸንፎ ለመጨረሻው የመለያ ዙር በቃ።

የመለያው ዕጣ ከናይጄሪያ ጋር አገናኘን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ባስቆጠረው ግብ መምራት ብንጀምርም ኢማኑኤል ኤሜኒኬ ሁለት ጊዜ አግብቶ፣ ሁለተኛውንም በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት፣ 2 ለ 1 አሸነፉን። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈን ከብራዚል ቀረን።

በወቅቱ ብዙዎች ያመኑት ነገር ነበር፤ ቡድኑ ወጣት ስለሆነ በቀጣዩ ማጣሪያ ከዚህ ይበልጣል የሚል። የሆነው ሌላ ነው። ለቀጣዮቹ ሦስት የአፍሪካ ዋንጫዎች ማለፍ አልቻልንም። የተመለስነው በ2014 ዓ.ም. በካሜሩን በተካሄደው ውድድር ሲሆን፣ በኬፕ ቨርዴና በአስተናጋጇ ካሜሩን ተሸንፈን፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር አቻ ተለያይተን ከምድባችን ሳናልፍ ቀረን።

ለምን? የ2005ቱ ተጫዋቾች ድንቅ ነበሩ። ነገር ግን ከኋላቸው በዕድሜ እርከን ተደራጅቶ የሚጠብቅ ተተኪ ትውልድ አልነበረም። ጥሩ ዝናብ የጣለበት ዓመት ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ለቀጣዩ ዓመት ዘር ያላስቀረ ገበሬ ግን በጥሩው ዓመት ማግሥት ዘር ፍለጋ ገበያ ይወጣል፤ የገበያው ዘር ደግሞ ውድ ነው፣ ጥራቱም አይታወቅም። በእግር ኳሳችን የሆነውም ይኸው ነው።

ወልድያ፦ ፈጣን መውጣት፣ ፈጣን መውረድ

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ትምህርት የወልድያ ነው። የወልድያ ክለብ በ2007 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ተሳተፈ፤ በዚያው ዓመትም ወረደ። ተስፋ ሳይቆርጥ ታግሎ ለ2009 ዓ.ም. ተመለሰ። በጥር 2009 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴ ጭምር ስታዲየሙን ለማየት የተጓዘው ሰው ብዙ ነው። ወሎ የትልቅ እግር ኳስ መዲና ልትሆን ነው ተባለ።

ክለቡ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጨረሻ ግን ከሊጉ ወረደ። ስታዲየሙ ባማረበት ቆሞ ቡድኑ ግን ወደ ታችኛው ሊግ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከመቐለ ከተማ ጋር ሊካሄድ በታቀደው ጨዋታ ዋዜማ ወልድያ ላይ ግጭት ተቀስቅሶ እንደነበርም ይታወሳል። ስፖርት ሰዎችን ማገናኘት ሲገባው የመለያያ ሰበብ ሲሆን መጀመሪያ የሚጎዳው ክለቡ ራሱ ነው፤ ጨዋታ ይቋረጣል፣ ተጫዋች ይሸሻል፣ የስታዲየም ገቢ ይደርቃል። ከዚያም የ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነት መጣ። ወልድያም ደሴም ኮምቦልቻም ከሚሴም የጦርነቱ ሜዳ ሆኑ። ለኳስ የሚታሰብበት ጊዜ አልነበረም።

የወልድያ ውድቀት በጦርነቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ክለቡ የወረደው ከዚያ ከሦስት ዓመት በፊት ነውና። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ስታዲየም ለጋሽ ሊገነባው ይችላል። ቡድን ግን በአንድ ጊዜ ልግስና አይቆምም፤ በየዓመቱ ደመወዝ፣ ሕክምና፣ ትራንስፖርት፣ ሆቴል እና ከሁሉ በላይ ተተኪ ይፈልጋል። ልግስናው ሲያልቅ የሚቀጥል ነገር ከሌለ የሚቀረው ባዶ መቀመጫ ነው።

ፋሲል እና ባሕር ዳር፦ ተስፋ ፍሬ ሲያፈራ

ተስፋ ሁሉ ባዶ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ይሆናል። በክልላችን የተፈጸመ ተስፋ አለ። ፋሲል ከነማ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ካደገ በኋላ አልወረደም። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሳ፤ በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። በቀጣዩ ዓመትም ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ። ከማደግ እስከ ዋንጫ የወሰደበት ጊዜ አምስት የውድድር ዘመን ነው።

ባሕር ዳር ከተማ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሊጉን ተቀላቅሎ በ2015 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ደግአረገ ይግዛው መሪነት ሁለተኛ ደረጃ ያዘ። በዚህም ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ በቅቶ የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎ አለፈ፤ በቀጣዩ ዙር በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ተሸንፎ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አህጉራዊ መድረክ ለረገጠ ክለብ ይህ የሚናቅ ውጤት አይደለም። ከማደግ እስከ አህጉራዊ ውድድር የወሰደበት ጊዜ ከፋሲል ጋር ተመሳሳይ ነው፤ አምስት የውድድር ዘመን።

ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ሌላም ነገር አለ። ከታላቁ ዓመት በኋላ ያንኑ ከፍታ ይዞ መቆየት አልቻሉም። ፋሲል ከ2014 ወዲህ የዋንጫው ዋና ተፎካካሪ መሆን ተስኖታል፤ ባሕር ዳርም ሁለተኛነቱን ወደ አንደኛነት አልለወጠም። ጥሩ ዓመት ያሳለፈ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ የተሻለ ወደሚከፍል ክለብ ይሄዳል፤ በእሱ ቦታ ሌላ ይገዛል፤ አዲስ የመጣው እስኪላመድ የውድድር ዘመኑ ይጋመሳል።

በዚህ ላይ ደጋፊው ቡድኑን በዐይኑ የማየት ዕድሉ ጠብቧል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችን በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ሰብስቦ ማጫወትን ሥርዓቱ አድርጓል። ፋሲል ዋንጫ ባነሳበት ዓመት ጨዋታዎቹ የተካሄዱት በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬ ዳዋ እና በሐዋሳ ነበር፤ ጎንደር ቡድኗ ሻምፒዮን ሲሆን በሜዳዋ አላየችውም። የባሕር ዳር ስታዲየምም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላቱ ታግዶ እድሳት ላይ በመቆየቱ ባሕር ዳር ከተማ አህጉራዊ ጨዋታውን በገዛ ከተማው ሕዝብ ፊት ማድረግ አልቻለም። ብሔራዊ ቡድኑም ቢሆን ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው በሜዳው ጨዋታ ስም ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ያን ድል ያየነው ሁላችንም በቴሌቪዥን ነበር።

ይህ የደጋፊን ስሜት ብቻ አይነካም። የክለቡን ኪስም ይነካል። በሜዳው የማይጫወት ክለብ የመግቢያ ትኬት አይሸጥም፤ በከተማው ያለው ሻይ ቤት፣ ሆቴልና ታክሲም ከጨዋታው ቀን የሚያገኙት ገቢ የለም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የኢትዮጵያ ክለቦችን የገቢ ምንጭ መመልከት የውጤታቸውን ግማሽ ምክንያት ይነግረናል። በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን ያነሳው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው፤ ያውም ከከፍተኛ ሊግ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም የትልልቅ የመንግሥት የፋይናንስ ተቋማት ቡድኖች ናቸው። ይህ የተጫዋቾቻቸውንና የአሠልጣኞቻቸውን ልፋት አያሳንስም። ነገር ግን ደመወዝ በወሩ እንደሚገባ የሚያውቅ ተጫዋች እና ሦስት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች አንድ ዓይነት ልብ ይዘው ሜዳ አይገቡም።

የክልል ከተማ ክለቦች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በከተማ አሥተዳደር በጀት ነው። ያ በጀት ደግሞ ከመንገድ፣ ከውኃና ከጤና ጣቢያ ጋር ተሻምቶ የሚገኝ ነው። የጸጥታ ችግር ሲከሰት፣ የግብር ገቢ ሲቀንስ ወይም አመራር ሲለወጥ መጀመሪያ የሚታጠፈው የስፖርቱ ድርሻ ነው፤ ሕዝብ ውኃ አጥቶ ለተጫዋች ፊርማ ሚሊዮን ይከፈል ማለትም አይቻልም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ክለቦች የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ይህን ጫና ለማቅለል ነበር። ይሁንና ወጪው በሌላ በር፣ በፊርማ ክፍያና በጥቅማጥቅም ስም መግባቱ አልቀረም።

የቴሌቪዥን ገቢ ሌላው ምንጭ ነው። የፕሪሚየር ሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከዲኤስቲቪ ጋር ለአምስት ዓመት የገባው ውል ከ22 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ የሚያወጣ ነበር። ይህ ለክለቦች በየዓመቱ የሚታወቅ ድርሻ ሰጥቷል። ነገር ግን ድርሻው የሚደርሰው በትልቁ ሊግ ላሉት ብቻ ነው። የወረደ ክለብ ገቢውንም ይዞ ይወርዳል። በከፍተኛ ሊግ ሲታገሉ የምናውቃቸው እንደ ደሴ ከተማ እና ወሎ ኮምቦልቻ ያሉ ክለቦች በአነስተኛ በጀት ረጅም ጉዞ እያደረጉ የሚፎካከሩትም ለዚህ በር ነው። ለእነሱ አንድ የማደግ ዕድል የአንድ ዓመት ዋንጫ ብቻ ሳይሆን የክለቡ ህልውና ነው።

ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ የሚገኝ ትምህርት

ወጣት ቡድን በትዕግሥት ሲያድግ ምን እንደሚመስል ለማየት ለአፍታ ወደ ሩቅ ሀገር፣ ወደ ሌላ የስፖርት ዓይነት እንሻገር። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር የሚባል ቡድን አለ። ከተማዋ ከትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞች ተርታ የምትመደብ አይደለችም። እኤአ በ2019 ክለቡ ታዋቂ ተጫዋቹን ፖል ጆርጅን ለሌላ ክለብ ሰጥቶ በምትኩ ብዙ ያልታወቀ የሃያ ዓመት ወጣት፣ ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርን፣ እና ለቀጣይ ዓመታት አዳዲስ ተጫዋቾችን የመምረጥ መብቶችን ተቀበለ።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት መራራ ነበሩ። በ2021/22 የውድድር ዘመን ከ82 ጨዋታዎች ያሸነፈው 24ቱን ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት 40 አሸነፈ፤ በ2023/24 ደግሞ 57 አሸንፎ የምዕራቡን ምድብ በአንደኝነት ጨረሰ። የዚያን ጊዜ ደጋፊው ዋንጫው ደረሰ ብሎ ነበር። ቡድኑ ግን በጥሎ ማለፉ ሁለተኛ ዙር በዳላስ ተሸንፎ ወጣ። ክለቡ ደንግጦ ወጣቶቹን አልበተነም። በቀጣዩ ዓመት 68 ጨዋታዎችን አሸንፎ፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. በፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ ኢንዲያናን ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን ምሳሌ እንዳለ ወስደን እዚህ መትከል ግን አንችልም። በኤንቢኤ መውረድ የሚባል ነገር የለም፤ እንዲያውም ደካማ ውጤት ያመጣ ቡድን ከአዳዲስ ወጣቶች ቀድሞ የመምረጥ የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። እኛ ጋ የተሸነፈ ይወርዳል፣ ገቢውንም ያጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ክለብ መሪ ለሦስት ዓመት ታገሱኝ ቢል ሁለተኛውን ዓመት በታችኛው ሊግ ሊያገኘው ይችላል። ተጫዋች ከገበያ እየገዛ ለዛሬ የሚሮጠውም ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ነው።

ይህ ማለት ግን ትዕግሥት አይቻልም ማለት አይደለም። ትዕግሥቱ የሚኖርበት ቦታ ሌላ ነው። በዋናው ቡድን መታገስ ካልተቻለ ከ17 ዓመት እና ከ20 ዓመት በታች ቡድኖች ላይ መታገስ ይቻላል። እዚያ የሚወርድ የለም። የአንድ ታዋቂ ተጫዋች የፊርማ ክፍያ ለአንድ ታዳጊ ቡድን የዓመት ወጪ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ታዳጊው በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ሲሰጥ፣ የተገዛው ተጫዋች በዚያ ጊዜ ሌላ ክለብ ውስጥ መሆኑ ነው።

ይህ ለከሚሴ እና ለአካባቢዋ ምን ማለት ነው?

የኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተዘረጋ ነው። ጅሌ ጥሙጋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ዳዋ ጨፋ፣ ባቲና ሌሎቹ ወረዳዎቹ ለእግር ኳስ ባዕድ አይደሉም። ከመኸር በኋላ አዝመራው በተነሳበት ማሳ ላይ የማይጫወት ልጅ የለም። ኦሮምኛም አማርኛም የሚናገሩት ልጆች ኳስ ሲይዙ ጎራ የሚለዩት በሰፈር እንጂ በቋንቋ አይደለም። ያለፉት ዓመታት ግጭቶች በዚህ አካባቢ ላደረሱት ቁስል ይህ ትንሽ የሚመስል ግን ትልቅ መድኃኒት ነው። የአጣዬ፣ የሸዋ ሮቢት፣ የከሚሴና የኮምቦልቻ ልጆች በአንድ ሜዳ መገናኘት መቻላቸው ከሦስት ነጥብ ይበልጣል።

ሆኖም ልጆቹ ከማሳ ሜዳ ወጥተው የሚሄዱበት መንገድ ጠባብ ነው። አዝመራ ሲዘራ ሜዳው ይጠፋል። በከተማ ደግሞ ክፍት ቦታው በግንባታ ይሞላል። ለመጫወቻ ተብሎ የተከለለ መሬት ካርታ ካልወጣለት ነገ የሌላ ሰው ይዞታ ይሆናል። ሜዳ የሌለው ወረዳ ታዳጊ ቡድን አይኖረውም፤ ታዳጊ ቡድን የሌለው ወረዳ ደግሞ መልማይ አይጎበኘውም።

ከትንሽ ከተማ ትልቅ ተጫዋች እንደሚወጣ ግን ማስረጃ አለ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ያስቆጠረው ጌታነህ ከበደ የዲላ ልጅ ነው። የሴቶች እግር ኳሳችን ኮከብ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነስታ እስከ ማልታ ሊግ ደርሳ ተጫውታለች። ሁለቱም ከተሞች ከከሚሴ እጅግ የሚበልጥ ጸጋ ያላቸው አይደሉም። ሎዛን ማንሳታችን በምክንያት ነው፤ በእኛ አካባቢ የሴት ልጆች ኳስ መጫወት ከትምህርት ቤት ግቢ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው፤ በዚህም ግማሹን ተስፋችንን ሳንዘራው እያስቀረን ነው።

እንግዲህ ደጋፊው በሻይ ቤት ክርክሩ ላይ፣ ከተቻለም በክለብ ጠቅላላ ጉባኤና በከተማ ምክር ቤት መድረክ፣ ከነጥብ ሠንጠረዡ በተጨማሪ አራት ጥያቄዎችን ቢያነሳ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ባለፈው ዓመት ከታዳጊ ቡድን ወደ ዋናው ቡድን ያደጉት ስንት ናቸው? ከእነሱስ በእርግጥ የተሰለፉት ስንቶቹ ናቸው? ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ቡድኑ ወጣት ቢመስልም ነገ የለውም።

ሁለተኛ፣ ከክለቡ ዓመታዊ በጀት ውስጥ ከከተማ አሥተዳደሩ ካዝና ውጭ የሚመጣው ስንት እጅ ነው? የአባላት መዋጮ፣ የመለያ ሽያጭ፣ የአካባቢ ድርጅቶች ድጋፍ ትንሽ ቢሆንም በየዓመቱ የሚቀጥል መሆኑ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ደመወዝ በወቅቱ ይከፈላል ወይ? ይህ የአሠልጣኙን ስልት ያህል ውጤት ይወስናል።

አራተኛ፣ የምዝገባ፣ የውልና የካርድ መረጃ የሚይዝ ብቁ ባለሙያ አለ ወይ? በ2005 ዓ.ም. ሦስት ነጥብ ያሳጣን ይህ ነው።

ለወረዳ እና ለከተማ አመራሮች ደግሞ አምስተኛ ጥያቄ አለ። በእያንዳንዱ ቀበሌ ለልጆች መጫወቻ የተከለለ፣ ካርታ ያለው ቦታ ይኖራል ወይ? ይህ የሚሊዮኖች ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ውሳኔ፣ ልኬት እና አጥር ይበቃዋል። ለችግኝ ጣቢያ ቦታ መከለል የለመደ የቀበሌ አሥተዳደር ለልጆች ሜዳ መከለል አይከብደውም።

ማጠቃለያ

ዘንድሮ ባሕር ዳር ወይም ፋሲል ዋንጫ ያነሳሉ ወይ? ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአምስት ዓመት ውስጥ የማይታሰበውን ሠርተው አሳይተዋል። የወሎ ክለቦችስ ይመለሳሉ? ወልድያ ከወረደ በኋላ አንድ ጊዜ ተመልሶ አሳይቷልና ይህም የማይቻል አይደለም። ደጋፊው ተስፋ ማድረጉን አይተው።

ነገር ግን ቡድኑ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያሸንፍ ሁሉም ተስተካክሏል ብሎ፣ ቢሸነፍም አሠልጣኙ ይባረር ብሎ ለመጮህ አይቸኩል። ገበሬ ማሽላውን ራስ ባወጣበት ሳምንት ምርቱ ስንት ኩንታል ነው ብሎ አይደመድምም፤ ወፉም፣ ተምቹም፣ የመጨረሻው ዝናብም ገና አሉ። የሚያየው ሥሩን፣ አገዳውን እና እርጥበቱን ነው። የእግር ኳስ ክለብ ሥር ታዳጊዎቹ፣ እርጥበቱም በወሩ የሚደርስ ገንዘብ ነው።

የ2006ቱን የመለያ ጨዋታ በልጅነታቸው አልቅሰው ያዩ የከሚሴ ወጣቶች ዛሬ ሃያዎቹን ዕድሜ ይዘዋል። ብዙዎቹም የልጆች አባትና እናት ሆነዋል። ልጆቻቸው ኳስ የሚያንከባልሉበት ሜዳ በሚቀጥለው ክረምትም ሜዳ ሆኖ እንዲቆይ ለቀበሌያቸው ጥያቄ ማቅረብ ከወዲሁ ይችላሉ።